የዝግባ ሜዳ ደረቅ መሬት

ጥር 13፣ ረቡዕ፣ ማታ

ገመዱን ጠቅልዬ ሳልጨርስ መብራት ሄደ። በሻማ ጆሮዎቼን አጸዳለሁ። ጆሮ የምላቸው፣ ደብተሬ፣ ጂኦፎኖቹን ነው፤ ከሥራቸው ሹል ብረት ያላቸው፣ መሬት ላይ ተሰክተው ንዝረት የሚያደምጡ ትንንሽ ዕቃዎች። ጠጉሩ የሸበተው የሥራ ጓደኛዬ ምናለ በትልቅ መዶሻ መሬቱን ይመታል፤ እነሱ ይሰማሉ፤ ላፕቶፑ ይመዘግባል። ንዝረቱ ከሮጠ መሬቱ ጠንካራ ነው። ከተጎተተ ለስላሳ። ለስላሳ መሬት ነውጥ ሲመጣ ትንሹን ትልቅ ያደርገዋል፣ የቆመበትን ሕንፃ ይንጠዋል። ሥራዬ ይኼው ነው። አስማረ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ መሬት የምታስገርፍ ሴት አገባሁ ይል ነበር።

ኃላፊዬ ዛሬ ጠራኝ። አዲስ ሥራ። የት? ዝግባ ሜዳ፣ ከቁይ ወጣ ብሎ። የገጠር ቤ/ክ። አሮጌውን ትተው ትልቅ ሊሠሩ ነው፣ ሙሉ ኮንክሪት፣ ባለ ጉልላት። ያ አዋሽ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ አ.አ ያሉትን ልጆቻቸውን ከፎቅ ሲያስወርዳቸው ጊዜ ኮሚቴው ፈራ። መሬታችን ይለካልን አለ።

ሌላ ሰው ይሂድ አልኩ። ሌላ ሰው የለም። ደግሞስ በስም የጠየቁት እኔን ነው። የልጃችን ሚስት ትምጣልን ብለው።

ልጃቸው አስማረ ነው። ባሌ። የፊዚክስ መምህር ነበር፣ እዚሁ ደ/ማርቆስ። ጉበቱን አሞት በአንድ ክረምት አለቀ። የሰባት ዓመቱን ተዝካር አምና አወጣን፤ ከዚያ ወዲህ ዝግባ ሜዳን አላየኋትም። እዚህ ይቀበር፣ አጠገቤ፣ ብዬ ለምኜ ነበር። ማን ሰማኝ። እናቱ እማሆይ እናኑ ልጄን ስጡኝ አሉ። ሽማግሌ መጣ። አስከሬኑ በእነሱ መኪና ተጫነ፣ እኔ ከኋላ ባለው ሚኒባስ ተከተልኩ። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

ምናለ ግን ደስ ብሎታል። የገጠር ማር አገኛለሁ ብሎ ነው።

ጥር 15፣ ዓርብ፣ ዝግባ ሜዳ

መንገዱ ክፍት ዋለ፣ ተመስገን። በጊዜ ደረስን።

ግቢው ሁለት ዓይነት መሬት ነው፤ ያልተማረም ያየዋል። የምሥራቁ ወገን ለጥ ያለ መረሬ፣ ጥቁር፣ በጋው ሰነጣጥቆት እግር ያስገባል። የምዕራቡ ከፍ ይላል፣ ቀላ ይላል። እዚያ መቃብሩ ነው። አሮጌው ቤ/ክ በሁለቱ መካከል፣ ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ፣ ክብ፣ ጭቃ ግድግዳ። አዲሱ የታሰበው ሜዳው ላይ። የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ተባርኳል። የዓምዶቹ ቦታ በችካል ምልክት ተደርጎበታል። ብረቱም ሲሚንቶውም ተገዝቶ መጋዘን ገብቷል። ሁሉን ከጨረሱ በኋላ ነው የሚያስለኩት። መጀመሪያ ሠርጉ፣ ከዚያ የደም ምርመራው።

ጆሮዎቼን በመስመር ሰካሁ። ሰው ከበበን። የሰው እርምጃ ይረብሸኛል፤ ጆሮዎቹ መዶሻን ከጫማ አይለዩም። አትንቀሳቀሱ ብል ማን ሊሰማኝ። አባ ጌትነት፣ የደብሩ አለቃ ናቸው፣ ዲያቆኑን በዓይን ጠቀሱት። እሱም ልክ እንደ ቅዳሴው፣ በዜማ፣ አርምሙ! አለ። ሁሉም ባለበት ቆመ። አሮጊቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እንዲህ ያለ ጸጥታ አ.አ ላይ በገንዘብም አይገኝ።

ምናለ መታ። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ጋደል ብለው ተኙ። ከላይ በጋ ያደረቀው ቅርፊት አለ፤ ከሥሩ ግን ንዝረቱ እየተጎተተ፣ ወደ ታችም ሲወርድ እየተጎተተ። ጥልቅ ነው ይኼ መረሬ። አባ ጌትነት ቀና ብለው አዩኝ። ስሌት ይቀረዋል አልኩ። ስሌት መቼም ጥሩ መደበቂያ ነው።

ማታ መቃብሩ ጋ ወጣሁ። እማሆይ እዚያው ነበሩ፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው። አስማረ ከሞተ በኋላ ነው ቆብ የደፉት። ጉንጬን ሳሙኝ። ከሳሽ አሉኝ። ለምን አታገቢም፣ ልጅነትሽን እንዲሁ ልትጨርሽው ነው አሉ። በልጅህ መቃብር ላይ ተቀምጠህ ምራትህን አግቢ ማለት፣ ደብተሬ፣ ቀላል እንዳይመስልህ።

ደግሞ እንደ ሁልጊዜው አሳዩኝ። ቦታውን ራሳቸው ነበር የመረጡት፤ ያን ክረምት፣ ሌላው ሁሉ ውኃ ቋጥሮ ሳለ ይኼ ደረቅ ስለነበረ። ልጄ ውኃ አያገኘውም ይላሉ። ከጎኑ በድንጋይ የተከበበ ባዶ ስፍራ አለ። የራሳቸው ነው። ሠርተው የጨረሱትን ቤት እንደሚያስጎበኝ ሰው ነው የሚያሳዩኝ።

እወዳቸዋለሁ። ቂምም አለኝ። ሁለቱም ውስጤ ተጣልተው አያውቁም።

ጥር 17፣ እሁድ፣ ደ/ማርቆስ

ስሌቱ አለቀ። ከጠበቅሁት ይብሳል። በዚያ መሬት ላይ ከባድ ጉልላት ማቆም አይሆንም። ነውጥ በየዓመቱ አይመጣም፤ እዚህ ሰፈር ምናልባት በእኛ ዕድሜም አይመጣ። ግን የሚመጣ ከሆነ እሑድ ወይም በዓል ቀን ቢመጣስ? ሰው ሞልቶ ሳለ? እንዲህ እያልኩ ነው ሌሊቱን ያነጋሁት።

መፍትሔ ልፈልግ ሞከርኩ። ጥልቅ የኮንክሪት ምሰሶ መትከል፤ ማሽኑ እዚያ አይደርስም። ቀላል የእንጨት ጣሪያ ያለው ትንሽ ቤ/ክ፤ አይሰሙኝም፣ ብረቱ ተገዝቷል፣ ምዕመኑ አሮጌው ውስጥ አልበቃ ብሎ ውጭ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። ትንሽ ሥሩ ብዬ ወረቀት ብሰጥ ወረቀቱን ይዘው ትልቁን ይሠራሉ።

ከሰዓት አባ ጌትነት ደወሉ። መሬቱ ለስላሳ ነው፣ አባ፣ እንዳለ አይሆንም አልኩ። ረቡዕ ተመልሼ ሌላውንም ወገን እለካለሁ ልላቸው ስል መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። የረቡዑን ነገር በሰው ላክሁባቸው።

ጥር 20፣ ረቡዕ፣ ዝግባ ሜዳ

ከየት ልጀምር።

መኪናችን ጉብታውን ስትወጣ ከሩቅ አቧራ አየን። ምናለ ገበያ ነው እንዴ አለ። ገበያ አይደለም። ደብሩ በሞላ ሜዳው ላይ ነው። የአውድማ በሬዎች፣ አፋቸው ታስሮ፣ የመሠረቱ ቦታ ላይ ዙሪያውን ይነዳሉ። ልክ እንደ ጤፍ። መሬቱን እያበራዩት ነው! ከበሬዎቹ ኋላ ወንዶቹ በግንድ ይጠቀጥቃሉ። ሴቶቹ ከወንዝ ጠጠር በቅርጫት እያመላለሱ ስንጥቁን ይሞላሉ። ይዘፈናል፣ እልል ይባላል። ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ነው አሉኝ። መሬቱ ለስላሳ ነው ብላለች ተባሉ፤ ለስላሳ ከሆነማ እናጠነክረዋለን ብለው በደቦ ወጡ። የራሳቸውን እህል አውድማ ላይ ትተው።

እማሆይ እናኑም አሉ። በነጠላቸው ጫፍ ጠጠር ቋጥረው፣ ጎንበስ ብለው። አዩኝና ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ነይ አሁን ምቺው ብለው ጮኹ፤ ብረት አድርገንልሻል!

መታነው። ምን ላድርግ። ዲያቆኑ አርምሙ አለ፣ በሬዎቹ ሳይቀሩ የሰሙ ይመስል ቆሙ። እነዚያ ሁሉ አቧራ የለበሱ ፊቶች፣ ላብ እየወረደ፣ የኔን ፊት ያያሉ። ስክሪኑን አየሁት። ከላይ ያለችው አንድ ክንድ እውነትም ጠንክራለች። ከሷ በታች ያው ነው። ምንም። የነካው የለም።

ስሌት ይቀረዋል አልኩ፤ ደግሜ። አባ ጌትነት ብቻ ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበር አደረጉ። ገብቷቸዋል መሰለኝ።

ከሰዓት ሌላውን ወገን ለካሁ። መስመሩን በመቃብሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ዘረጋሁት፣ የማንንም እንዳልረግጥ እየተጠነቀቅሁ። ምናለ ሲመታ መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ቀይ አፈር፣ ትንሽ ዝቅ ሲባል አለት። ከዚህ የተሻለ መሠረት አገር ቢዞር አይገኝም። ምናለ እጁን እያሻሸ፣ በቃ ቦታቸው ይኼ ነው አለ። ከዚያ የማንን ስም ከፊት ለፊቱ እንዳነበበ አየሁት። መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው።

ጥር 21፣ ሐሙስ

አስተርዮ ማርያም። አስቀደስኩ። ምን እንደተቀደሰ አላውቅም።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ሥዕል። ቤ/ክኑን ወረቀት ላይ ቆርጬ ካርታው ላይ አንሸራትተዋለሁ። መግቢያውና መቅደሱ አቅጣጫቸው አይቀየርም፤ እንደፈለግሁ አላዞረውም። ወደ ምሥራቅ ባወርደው ግማሹ መረሬው ላይ ይወድቃል፤ አንድ እግሩ አለት ላይ አንድ እግሩ ጭቃ ላይ የቆመ ሕንፃ ደግሞ ሁሉም ጭቃ ላይ ከቆመው ይብሳል። ወደ ሰሜን ቁልቁለት፣ ወደ ምዕራብ ቀጥ ያለ ዳገት። ወደ ደቡብ አሮጌው ቤ/ክ፤ አዲሱ ሳይጠናቀቅ አይፈርስም። ባንሸራትት፣ ባንሸራትት፣ ሁልጊዜ አንድ ዓምድ አስማረ ላይ ይቆማል። እሱ ብቻ አይደለም፤ ያን ሰሞን የተቀበሩት በሙሉ፣ አንድ ረድፍ ሰው። ግን እኔ የማየው አንዱን ነው።

ደግሞስ የሚነሡት የት ይገባሉ? ከመቃብሩ በላይ ያለው ባዶ አለት ነው፣ ዶማ አይገባውም። የሚቀረው መረሬው ነው። ክረምት ውኃ የሚተኛበት። እማሆይ ልጃቸውን ያሸሹበት።

ተናደድኩ። በማን? በአስማረ። ለምን ሞትክ። ስትሞትስ ለምን እናቴ እንዳሉ አድርጉ ብለህ ሞትክ። እኔ እዚህ ቀብሬህ ቢሆን ይኼን ሁሉ ባላየሁ ነበር። ካርታውን ጨምድጄ ጣልኩት። ቆይቼ አንሥቼ በእጄ ዘረጋሁት፤ ሌላ ቅጂ የለኝማ።

ለማንም አልተናገርኩም። ምናለ ያውቃል፤ ግን አንድ ቃል አልወጣውም። አንድ መስመር ብቀይር ከእሱ ሌላ ማንም አያውቅም። የላይኛውም መሬት አይሻልም ብል፣ ብረት አብዙ፣ ግድግዳ አወፍሩ ብዬ ብፈርም። እጄ አልታዘዝ አለ። በበዓል ቀን ቤ/ክኑን ከሚሞላው ሰው ሁሉ ከፊት የሚቆሙት እማሆይ ናቸው።

ጥር 25፣ ሰኞ

የነነዌ ጾም መጀመሪያ። አባ ጌትነት ለጉዳይ ማርቆስ መጥተው ቢሮ ገቡ። በር ዘጋሁና ነገርኳቸው። ሁሉን። ካርታውን፣ ረድፉን፣ አስማረን።

አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ ተሳስተሽ ቢሆንስ፣ ደግመሽ ብትለኪ፣ ሌላ ሰው ቢያየው። መለስኩላቸው። አፅም ማፍለስ ሥርዓት አለው አሉ፣ ጸሎት አለው፣ ተደርጎ ያውቃል። የተባረከውን የመሠረት ድንጋይ ማንቀሳቀስ የእኔ ሸክም ነው፣ ሀገረ ስብከት ሄጄ እለምናለሁ አሉ። ሕዝቡ ግን ይከብዳል። እኔ ብናገር ትእዛዝ ይሆናል፣ አኩርፈው ይታዘዛሉ፤ ወይ አኩርፈው በጠቀጠቁት ላይ ይሠራሉ። ካንቺ ይጀምር። መጀመሪያ ለእማሆይ ንገሪያቸው። እሳቸው እሺ ካሉ ሌላው አፉ ይያዛል።

ሲወጡ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አደረጉ። አልባረኩኝም፤ ዝም ብለው እጃቸውን አደረጉ።

ጥር 27፣ ረቡዕ፣ ዝግባ ሜዳ

ነገርኳቸው።

ቤታቸው ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን። ጾሙ አድክሟቸዋል። መጀመሪያ ስለ ጠጠሩ ነው የጠየቁኝ። አልጠቀመም ወይ? ከላይ ጠቅሟል፣ ከሥሩ አልደረሰም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የቀረውን ነገርኳቸው። አቀርቅሬ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

እሳቸው አላለቀሱም። ልጄ የተኛበት ነው ደህናው? አሉ። አዎ አልኩ። እኔ የመረጥሁት? አዎ፣ እማሆይ።

ለሕንፃው ደረቁ፣ ለልጄ ጭቃው?

ከዚያ እጄን ያዙኝ። ለመኑኝ፣ ደብተሬ። እሳቸው እኔን። ትንሽ ታገሡኝ አሉ፤ እኔ ምን ቀረኝ፣ ስሞት ያን ጊዜ ሁለታችንንም አንድ ላይ አንሡን። በሕይወቴ ሳለሁ አጥንቱን አታሳዩኝ።

ኮሚቴው አይጠብቅም። ክረምት ሳይገባ መሠረቱ ይሞላል፣ ሲሚንቶው መጋዘን ውስጥ እየተበላሸ ነው። ይኼን ነገርኳቸው። እጄን ለቀቁት። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ምርኩዛቸውን ፈልገው አገኙ፣ ገብተው በሩን ዘጉት። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ።

ጥር 28፣ ሐሙስ

አልሠራሁም። አለቀስኩ። ምናለ ቢሮ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ብርጭቆ ማር አስቀምጦ ወጣ። ከዝግባ ሜዳ ያመጣው ነው። ለልጆቹ ነበር የገዛው።

የካቲት 1፣ እሁድ፣ ዝግባ ሜዳ

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አባ ጌትነት፣ እማሆይ እሺ እንዳላሉ ቢያውቁም፣ ልጃችን የምትለው አለ ብለው ተቀመጡ። ቆምኩ።

ሁለት ጣሳ አምጥቼ ነበር። አንዱን ድንጋይ ላይ፣ አንዱን በጭቃ የሞላ ገበቴ ላይ አቆምኩ። ሁለቱም ያሉበትን ሳንቃ በእግሬ መታሁት። የድንጋዩ ቆሞ ቀረ። የጭቃው ወዲያ ወዲህ ብሎ ተገለበጠ። ጭቃውን ከላዩ በእጄ ጠቀጠቅሁና ደግሜ መታሁ። ደግሞ ተገለበጠ። ማንም አልሳቀም።

በሬዎቻቸውን ጠምደው የመጡት አዛውንት፣ አቶ ታከለ፣ ተነሡ። እንግዲያ ያ ሁሉ ድካማችን በከንቱ ነው? አሉ። አይደለም ማለት ፈልጌ ነበር። አዎ አልኩ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ተቀመጡ። እንደዚያ ሲቀመጡ ማየት ከስድብ ይከብዳል።

ከዚያ ስለ መቃብሩ ነገርኳቸው። ጉምጉምታ ሆነ። ሙታን ይረበሹ ወይ አለ አንዱ። ከተማ የተማረች ምን አለባት አለ ሌላው፤ ከኋላ ነው ያለው፣ ግን ሰማሁ። ሴት ልጇ እዚያው ረድፍ ውስጥ ያለች እናት ተነሣች። አልጮኸችም። የማን ይቀድማል ብቻ ነው ያለችው።

የባሌ አልኩ።

እማሆይ ከሴቶቹ መካከል ነበሩ። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። አላዩኝም። በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ፣ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፣ በደጀ ሰላሙ ወጥተው ሄዱ። ስምንት ዓመት ሙሉ አኩርፌባቸው ኖሬ፣ ዛሬ እሳቸው ሲያኮርፉብኝ አልቻልኩትም።

ያቺ እናት አጠገቤ መጥታ፣ የባልሽ ከቀደመ የልጄም ይከተል አለችኝ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ማንም ደስ ብሎት እሺ አላለም።

የካቲት 4፣ ረቡዕ፣ ደ/ማርቆስ

አባ ጌትነት ደወሉ። ሀገረ ስብከት ፈቅዷል። የዐቢይ ጾም ሳይገባ ይነሣ ተብሎ ለቅዳሜ ተቆርጧል። ጸሎቱ ከማለዳ ይጀመራል። እማሆይ ለማንም በር አልከፈቱም፣ ጎረቤት ውኃ እያደረሰ ነው። ለአባ ጌትነት ብቻ ከውስጥ ሆነው አንድ ነገር ጠይቀዋል። ይዛው ልትሄድ ነው ወይ፣ ጠይቁልኝ ብለዋል።

አልገባኝም ነበር መጀመሪያ። አባ ጌትነት አስረዱኝ። ሚስቱ ነሽ፣ አፅሙ አንዴ ከተነሣ ማርቆስ ወስጄ ላሳርፈው ብትዪ ማንም አይከለክልሽም፣ ደብዳቤ እንጽፍልሻለን አሉ። እማሆይ የፈሩት ይኼን ነው። ከጭቃው ይልቅ ይኼን።

ምን ልበላቸው አሉኝ። ይቆዩኝ አባ፣ ላስብበት አልኩ።

እውነቱን ልጻፈው። ልቤ ዘለለ። በደስታ ዘለለ። እንዴት እስካሁን አልመጣልኝም? እዚህ ይምጣ። ደረቅ ቦታ ይግባ። ውኃ አያገኘውም። ከቅዳሴ በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ለእሱም ይሻለዋል፣ በየትም በኩል ባሰላው ይሻለዋል። ተቀምቼ ነበር፤ ይመለስልኝ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

እዚህ ሰፈራችን ወዳለው ቤ/ክ ሄድኩ። ጸሐፊው ቦታ አሳየኝ። ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ቀይ አፈር፣ ጥሩ ተዳፋት። ጎንበስ ብዬ ጨበጥ አድርጌ አየሁት። በእጄ ውስጥ ፈራረሰ፣ ደረቅ። ቆንጆ አፈር። እሺ ልለው አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ነገ እመለሳለሁ አልኩትና ወጣሁ።

መንገድ ላይ የማስበው በሩ የተዘጋውን ቤት ነው። ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ። መደብ፣ መስቀል፣ የአስማረ የዲግሪ ፎቶ። ሌላ ልጅ የለ። ሌላ ምንም የለ። ከዚያ ቤት ወጥተው ጠዋት ጠዋት የሚሄዱበት አንድ ቦታ ነው ያላቸው።

የካቲት 6፣ ዓርብ፣ ጠዋት

እንቅልፍ ወስዶኛል፣ ይገርማል። ነቅቼ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው። እሳቸው ማርቆስ መምጣት አይችሉም፤ ጉልበታቸው አይፈቅድም፣ መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል። እኔ ዝግባ ሜዳ መሄድ እችላለሁ። በቃ ይኼው ነው። ሌላ ስሌት የለውም።

እዚያው ይቀመጣል። መረሬው ላይ፣ እሳቸው በእግራቸው ሊደርሱበት በሚችሉት። የእሳቸውም ቦታ ከጎኑ ይከለላል፤ ለአባ ጌትነት ነግሬያቸዋለሁ። ከላይ በኩል ቦይ አስቆፍርለታለሁ፣ ተዳፋቱን ለክቼዋለሁ፣ የክረምቱን ውኃ ብዙውን ይወስደዋል። ሁሉንም አይወስድም። መረሬ መረሬ ነው። ሐምሌ ላይ እዚህ ቁጭ ብዬ ዝናብ በሰማሁ ቁጥር የት እንዳለ አውቃለሁ። ይኼን ደግሞ ከእሳቸው ጋር እካፈለዋለሁ።

የማርቆሱን ጸሐፊ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ። ትንሽ ብቻ አይደለም።

ምናለ መጥቷል፤ መኪናው ተነሥቷል፣ ዶማውንና አካፋውን ጭኗል። ዛሬውኑ ልድረስ፣ ነገ ማለዳ ቆፋሪዎቹ ሳይደርሱ። ሰው አልክም፣ ስልክም አልደውልም። ራሴ በራቸው ላይ እቆማለሁ። ካልከፈቱልኝ በበሩ ክፍተት እነግራቸዋለሁ፦ እማሆይ፣ አልወስደውም።